«ኢምፕሩቭ» ልበል ወይስ «ኢንሃንስ»?

የሥራ ማመልከቻ ይዘው «እስቲ እንግሊዝኛዬን እይልኝ» የሚሉኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ታዲያላችሁ፣ ሁሉንም የምታሰናክላቸው አንዲት ነገር ናት። በአማርኛ «ማሻሻል» የምትለው ቃል ብቻዋን ሁሉን ትሸከምልናለች፤ መንገዱም ይሻሻላል፣ ደመወዙም፣ አዋጁም፣ ጠባይም ይሻሻላል። እንግሊዝኛው ግን ለየብቻ ቃል አለው።

በቅርቡ አንዲት ልጅ ለሆቴል የእንግዳ መቀበያ ሥራ የጻፈችውን ደብዳቤ አሳየችኝ። «አገልግሎታችሁን ኢምፕሩቭ አደርጋለሁ» ይላል። ሰዋስዉ እንከን የለበትም። ግን እስቲ እናንተው ሥራ አስኪያጅ ሆናችሁ አንብቡት! ገና ደጃፉን ያልረገጠች ልጅ «ቤታችሁ ጉድለት አለበት» ያለች አይመስልም? ኢምፕሩቭ ሲባል ብዙ ጊዜ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው። ኢንሃንስ ግን ጥሩውን ይበልጥ ማሳመር ነው፤ ለተዋጣለት ወጥ መከለሻ ጣል እንደማድረግ። የጥንት ትርጉሙም «ከፍ ማድረግ» ነበር።

ይባስ ብላ ስለ ራሷ ስትጽፍ «የኮምፒውተር ችሎታዬን ኢንሃንስ ማድረግ እፈልጋለሁ» ብላለች። ስህተት አይደለም፤ ግን «ድሮውንም ጎበዝ ነኝ» ማለት ነው። ከሆነችማ እሰየው! ቃለ መጠይቅ ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ቢያስቀምጧትስ? ስጠይቃት ገና ጀማሪ ናት። ሁለቱን ቃላት ቦታ አቀያየርንላቸውና ደብዳቤው ገባ።

አሜሊዮሬት የምትባለዋን ደግሞ ለማስደመም ብቻ የሚወረውሯት አሉ። እሷ ድህነትን፣ ስቃይን፣ የከፋ ኑሮን ለማቃለል የምትነገር ቃል ናት። ለፍቅረኛው «መልክሽ አሜሊዮሬት ሆኗል» ብሎ የጻፈ ጎረምሳ መልስ ባይጠብቅ ይሻለዋል።

አሜንድና ኢሜንድም መንትያ ይመስላሉ። ሕግና ውል አሜንድ ይደረጋል፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 27 እንዲህ ያሉ ማሻሻያዎች አሉት። ኢሜንድ ግን የጽሑፍን ግድፈት ማረም ብቻ ነው፤ እሱም የሊቃውንት ቃል ስለሆነ ማመልከቻ ላይ ባይገባ ይመረጣል።

አፕግሬድ የዕቃ ነው፤ የሞባይል፣ የሶፍትዌር፣ የአውሮፕላን ወንበር። አንድ ወዳጄ «ፍቅረኛዬን አፕግሬድ አደረግሁ» ይላል። ልጅቷን አስተማራት፣ አለበሳት እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ ያዘ ማለቱ ነው። የሱን ጉድ ሌላ ሳምንት እናወጋለን።