የነፍሰ ጡር ሴት የሌሊት የዳሌና የእግር ሕመም

እርግዝና እየገፋ ሲሄድ ብዙ እናቶች ዳሌያቸውንና እግራቸውን እያመማቸው ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣሉ። ምክንያቱም ለወሊድ ዝግጅት የዳሌ ጅማቶች ስለሚላሉና የጽንሱ ክብደት ስለሚጨምር ነው እንጂ፥ ዘወትር እንደሚባለው ብርድ ስለ መታቸው አይደለም። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባ መተኛት ለጽንሱ አይበጅምና በጎን ተኝተው በጉልበቶቻቸው መካከል ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ እንዲያደርጉ እንመክራለን፤ ጋቢው የባል ቢሆንም አይከፋም። የባት ሥጋ ሲኮማተር ጉልበትን ዘርግቶ የእግር ጣቶችን ወደ ራስ መሳብ ያፍታታዋል።

የቤት ሰዎች እግርን በቅቤ ማሸት ይወዳሉ፤ ለተራ ድካም ይህን አንከለክልም። ነገር ግን አንደኛው እግር ብቻ ቢያብጥ፥ ቢግልና ቢያም፥ በደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላልና፥ እግሩን ከቶ ሳያሹ፥ ንጋትንም ሳይጠብቁ፥ እናቲቱን ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል።