የሰልፉ ጥያቄና የካሜራው ምርጫ

ሕዝብ በባለሥልጣናት ላይ ያለውን ቅሬታ ለመግለጽ አደባባይ ሲወጣ፣ በቦታው ተገኝቶ ሁኔታውን በዐይኑ የሚያየው ሰው ጥቂት በመሆኑ፣ አብዛኛው ዜጋ ስለ ሰልፉ የሚያውቀው ከመገናኛ ብዙኃን በሚደርሰው ዘገባ ነው። ስለዚህ የሰልፈኞቹ ጥያቄ መሰማቱ ወይም ተድበስብሶ መቅረቱ ከጩኸታቸው ብርታት ይልቅ በአዘጋገቡ ላይ ሊመሠረት ይችላል።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1968 በለንደን የተካሄደው ሰልፍ ነው። አሜሪካ በቬትናም የምታካሂደውን ጦርነትና የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሃሮልድ ዊልሰን መንግሥት ለጦርነቱ የሰጠውን ፖለቲካዊ ድጋፍ የተቃወሙ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቴምዝ ወንዝ ዳር ተነሥተው ወደ ሃይድ ፓርክ ተጓዙ። በዚያው ዓመት በማርች ወር በአሜሪካ ኤምባሲ አቅራቢያ ከባድ ግጭት ተፈጥሮ ስለነበርና በሜይ ደግሞ ፓሪስ በተማሪዎች ዐመፅ ስለታመሰች፣ ጋዜጦች ሰልፉ ሳምንታት ሲቀሩት ጀምሮ ሁከት እንደሚነሣ ሲጽፉ ሰነበቱ። ዕለቱ ሲደርስ ግን እጅግ የሚበዛው ሰልፈኛ በሰላም ሄዶ በሰላም ተበተነ፤ ከፖሊስ ጋር የተጋፋው ተገንጥሎ ወደ ኤምባሲው ያመራው አነስተኛ ቡድን ነበር። በማግስቱ በበርካታ ጋዜጦች የፊት ገጽ ላይ የወጣው ፎቶግራፍ ግን አንድ ፖሊስ በአንድ ሰልፈኛ ተይዞ በሌላው ፊቱን በእርግጫ ሲመታ የሚያሳይ ነበር።

የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጄምስ ሃሎራን፣ ፊሊፕ ኤሊየትና ግራሃም መርዶክ በ1970 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ችግሩ ፎቶግራፉ ሐሰት መሆኑ ሳይሆን፣ አስቀድሞ የተያዘው የሁከት ግምት ዜና የሚሆነውንና የማይሆነውን መወሰኑ፣ የቬትናም ጥያቄም በዚሁ ምክንያት ወደ ዳር መገፋቱ ነው። ምሁራን ይህን «የዘገባ ማዕቀፍ» ይሉታል፤ ይህም ከብዙ እውነታዎች መካከል የትኛው ጎልቶ እንደሚታይና የትኛው እንደሚደበዝዝ የሚወስን የአቀራረብ መስመር ማለት ነው። ግጭት ለካሜራ ስለሚመች፣ ፖሊስና መንግሥትም መግለጫ የሚሰጥ ቃል አቀባይ ስላላቸው፣ ለዜና ማድረሻ ሰዓት የሚጣደፍ ጋዜጠኛ ወደዚህ ማዕቀፍ በቀላሉ ይሳባል።

ካሜራ ግን በተቃራኒው ተቃውሞ ሊቀሰቅስም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በእስራኤል በሆሎን ከተማ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ከተሰራጨ በኋላ፣ ቤተ እስራኤላውያን (ትውልደ ኢትዮጵያውያን አይሁድ) የፖሊስን በደልና ዘረኝነትን በመቃወም በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ አደባባይ ወጡ። ሜይ 3 ቀን በቴል አቪቭ የተደረገው ሰልፍ ዋናውን የአያሎን አውራ ጎዳና ለሰዓታት ከዘጋ በኋላ፣ ማምሻውን በራቢን አደባባይ ወደ ግጭት አመራ፤ የግጭቱ ምስልም በዓለም ዙሪያ ታየ። ያን ምሽት ብቻ ያየ ተመልካች ስለ ሁከቱ ዐወቀ እንጂ ስለ በደሉ ብዙ አልተረዳም። በአንጻሩ በ2016 የፓልሞር ኮሚቴ የተባለው የመንግሥት አጣሪ ቡድን በማኅበረሰቡ ላይ ዘረኝነት መኖሩን በይፋ አረጋግጦ የመፍትሔ ሐሳቦችን አቀረበ።

ሁከት ሲፈጠር መዘገብ የጋዜጠኛ ግዴታ መሆኑ አያጠያይቅም። ሆኖም ስንት ሰው እንደወጣ፣ ከመካከሉ ምን ያህሉ እንደተጋጨ፣ ግጭቱ እንዴት እንደጀመረ፣ ከሁሉም በላይ ምን እንደተጠየቀና ባለሥልጣኑ ምን እንደመለሰ የማይነግር ዘገባ ጎዶሎ ነው፤ አንባቢም እነዚህን ጥያቄዎች ለእያንዳንዱ ዘገባ የማቅረብ ልማድ ካዳበረ፣ ባለሥልጣናት ከጥያቄው ሸሽተው በሁከቱ ወሬ መሸሸግ ይከብዳቸዋል።