«ፎቶሽን እበትነዋለሁ» ቢባልስ?

ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትሰሙትን፣ ግን ጮክ ብላችሁ የማታወሩትን ጉዳይ እናነሳለን። ነገሩ የሚጀምረው ቀለል ባለ ሰላምታ ነው። በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ የመጣው ልጅ በፎቶው እኩያ ይመስላል። ስለ ትምህርት ያወራል፣ ፈተና ሲደርስ «አይዞሽ» ይላል፣ አንዳንዴም የሞባይል ካርድ ይልካል። ሲቆይ «ከወደድሽኝ አንድ ፎቶ ላኪልኝ» ይላል። ፎቶው በተላከ ማግስት ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ «ብር ካልላክሽ» ወይም «ካልመጣሽ ለቤተሰቦችሽ እበትነዋለሁ»።

ወንዶችም ከዚህ አያመልጡም። እነሱን የሚያጠምደው ብዙ ጊዜ የሴት ፎቶ የለጠፈ ሰው ሲሆን፣ የሚጠይቀውም ባብዛኛው ገንዘብ ነው።

ጉልበቱ ከየት መጣ?

የአስፈራሪው መሣሪያ ፎቶው ብቻ አይደለም፤ የተጠቂው ዝምታም ነው። «አባቴ ቢሰማ ይገድለኛል» ብላችሁ እንደምትደብቁ ያውቃል። «አንድ ሰዓት ብቻ ሰጥቼሻለሁ» እያለ የሚያጣድፈውም ሰው እንዳታማክሩ ነው። ቢከፈለው ፎቶውን ያጠፋል ወይ? የሚያስገድደው ነገር የለም። የከፈለ ሰው ነገም ይከፍላል ብሎ ሌላ ይጨምራል።

«ካልመጣሽ» ያለው ከተሳካለት ደግሞ አደጋው ከስልክ ያልፋል። በማስፈራራት በሚፈጸም ወሲብ ስለ ኮንዶም መነጋገር የለም፤ ኤች አይ ቪና ያልተፈለገ እርግዝና ሊከተሉ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ጥቃት የደረሰበት ሰው ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከ72 ሰዓት በፊት መጀመርና ለ28 ቀናት መወሰድ አለበት። በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ይሠራል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

• አትክፈሉ፣ ሌላ ፎቶ አትላኩ፣ ብቻችሁን ልታገኙት አትሂዱ።

• መልእክቶቹን አታጥፉ። ማስፈራሪያውን፣ የተጠቃሚ ስሙን፣ ስልኩንና ብር ላኩበት ያለውን የሂሳብ ቁጥር ስክሪንሾት አንሱ። ከዚያ ብሎክ አድርጉት።

• በዚያው ቀን ለአንድ የምታምኑት አዋቂ ንገሩ፦ ለእናት፣ ለአክስት፣ ለመምህር። አብራችሁም ወደ ፖሊስ ሂዱ።

• ፎቶው 18 ዓመት ሳይሞላችሁ የተነሳ ከሆነ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ስም አይጠይቅም፤ ፎቶውም ከስልካችሁ አይወጣም። እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ ብቻ ተወስዶ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን ለመሳሰሉ ድርጅቶች ይሰጣል፤ እነሱም ምስሉን ፈልገው ያነሳሉ። በግል መልእክት የሚዞረውን ግን ላያገኘው ይችላል።

ሕጉስ ምን ይላል?

በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ምስል አሰራጫለሁ ብሎ ማስፈራራት ወንጀል ነው፤ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን የወሲብ ምስል ማሰራጨት ወይም ይዞ መገኘት ደግሞ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። ስለዚህ በክፍላችሁ ግሩፕ እንዲህ ያለ ምስል ቢመጣ «እኔ አልለጠፍኩትም፣ ፎርዋርድ ብቻ ነው ያደረግኩት» ማለት አያድንም። አጥፉት፣ ለልጅቷም ወይም ለልጁ ሹክ በሉ።

ከመድረሱ በፊት

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ ከስልክ የወጣ ፎቶም አይመለስም። በቴሌግራም ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያየው አድርጉ፤ ሁለተኛ የይለፍ ቃልም ጨምሩ። «የመጣልህን ኮድ ላክልኝ» ለሚል፣ ጓደኛ ቢሆንም፣ ኮዱን አትስጡ፤ የጓደኛችሁ አካውንት ተሰርቆ ሊሆን ይችላል። የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ የለበሳችሁበት ፎቶ የት እንደምትገኙ ለማያውቃችሁ ሰው ይነግራል። ኢንተርኔት ካፌ ስትጠቀሙም ሳትወጡበት አካውንታችሁን ጥላችሁ አትሂዱ።

አንድ ጓደኛችሁ ሰሞኑን ስልክ በጠራ ቁጥር የሚደነግጥ፣ ሳያስረዳ ብር የሚበደር ከሆነ «ምን ሆነሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ቢነግራችሁ «ለምን ላክህ?» አትበሉት። ጥፋተኛው የሚያስፈራራው ነው። «ና፣ አብረን እንንገር» በሉት።