ከባር ደጃፍ እስከ በረዶው ገንዳ

በማሳቹሴትስ ጠረፍ፣ ኬፕ ኮድ ላይ፣ በየዓመቱ ኦገስት በሦስተኛው እሑድ የሚካሄደው የፋልማውዝ የጎዳና ላይ ሩጫ የተወለደው ባር ውስጥ ነው። ጠንሳሹ ቶሚ ሌነርድ መጠጥ ቀጂ ነበር። ፍራንክ ሾርተር የ1972ቱን የሙኒክ ኦሎምፒክ ማራቶን ሲያሸንፍ (የእኛው ማሞ ወልዴ ነሐስ የወሰደበት ነው) በቴሌቪዥን አየና ሩጫ ልቡ ውስጥ ገባ። በዓመቱ ዉድስ ሆል መንደር ካለ አንድ ባር ደጃፍ ተነስቶ ፋልማውዝ ሃይትስ ሌላ ባር ደጃፍ የሚያልቅ ውድድር አዘጋጀ። በዝናብ 92 ሰው ሮጠ። አንደኛ የወጣው ዴቭ ዱባ የሚባል፣ ከሚሺጋን የመጣ የኮሌጅ ተማሪ ነበር።

የኮሌጅ ልጆች እዚህ መብዛታቸው አያስገርምም። የዩኒቨርሲቲዎቹ የመም ውድድር ጁን ላይ ያበቃል፤ አገር አቋራጩ የሚጀምረው ሴፕቴምበር ነው። በመሃል ያለውን ሰመር ያለ አሠልጣኝ ጩኸት ኪሎ ሜትር ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ፤ አቅማቸውን የሚለኩበት ደግሞ ይፈልጋሉ። ጆአን ቤኖይት እዚህ መጀመሪያ ያሸነፈችው በ1976 የቦደን ኮሌጅ ተማሪ ሳለች ነው፤ በ1984 የመጀመሪያውን የሴቶች ኦሎምፒክ ማራቶን ወሰደች። ካናዳዊው ቤን ፍላናጋንም በ2018 ለሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የ10,000 ሜትር ሻምፒዮን በሆነ በዚያው ሰመር ፋልማውዝን አሸነፈ፤ ከተመረቀም በኋላ በ2021 እና በ2022 ደገመው። ከእኛም በ2010 ገብሬ ገብረማርያምና ውዴ አያሌው በወንዶችና በሴቶች አንደኛ ሆነዋል።

ርቀቱ 7 ማይል፣ 11 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው። መጀመሪያ የኖብስካን የባሕር መብራት ማማ አልፎ በዛፍ ጥላ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር ለባሕር ዳር፣ ፀሐይ አናት ላይ። መጨረሻ ላይ አንድ ዳገት ይጠብቃል። ከእንጦጦ ጋር ሲተያይ ዳገት ለማለት እንኳ ያሳፍራል። አስቸጋሪው አየሩ ነው። ከውቅያኖስ የሚነሳው እርጥበት ላብ እንዳይተን ያደርጋል፤ ላብ ካልተነነ ሰውነት አይበርድም። ብዙ ሰው የሚፈራው ማራቶንን ነው፤ እኔ ግን በሙቀት ቀን ይህን ርቀት ይበልጥ እፈራለሁ። ማራቶን ሯጭ ኃይሉን ይቆጥባል። እዚህ ግን ጎበዞቹ ግማሽ ሰዓት ከትንሽ በላይ ጥርሳቸውን ነክሰው ይሮጣሉ፤ እግር በፈጠነ ቁጥር ጡንቻ የሚያመነጨው ሙቀት ይጨምራል።

በ1978ቱ ውድድር የሮጠው አልበርቶ ሳላዛር የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ሃያ ዓመት የሞላውም ገና በዚያው ወር ነው። ከማራቶን ሯጩ ከቢል ሮጀርስ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲተናነቅ ቆይቶ ጉልበቱ ከዳው። አሥረኛ ሆኖ ገባና ወደቀ። የሰውነቱ ሙቀት 42 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ በረዶ ውስጥ ነከሩት፤ ለሚሞት ሰው የሚደረገው ጸሎትም ተደረገለት። ተረፈ። በ1981 እና በ1982 ተመልሶ አሸነፈ። (ኋላ በአሠልጣኝነቱ በዶፒንግ ጥሰት መታገዱ ሌላ ታሪክ ነው።)

ዛሬ መድረሻው አጠገብ የሕክምና ድንኳን አለ፤ ውስጡ በውኃና በበረዶ የተሞሉ ገንዳዎች ተደርድረዋል። የሚቃዥ ወይም የሚንገዳገድ ሯጭ ሲመጣ ሙቀቱ የሚለካው በፊንጢጣ ነው፤ የአፍና የብብት ልኬት ያታልላል። ከዚያ እስከ አንገቱ ይነከራል፤ ጭንቅላቱ እንዳይሰምጥ ፎጣ በብብቱ ሥር አሳልፈው ይይዙታል፤ ገላውን የከበበው ውኃ እንዳይሞቅ ይማሰላል። በ18 የውድድር ዓመታት በሙቀት ራሳቸውን የሳቱ ወይም የተምታታባቸው 274 ሰዎች መዝገብ ተጠንቶ ነበር፤ ሁሉም ተርፈዋል። ሆስፒታል ቅርብ ቢሆን እንኳ የድንኳኑ ሕግ አንድ ነው፤ አምቡላንሱ ይጠብቃል፤ ታማሚው ሳይበርድ ከገንዳው አይወጣም።