ፕላን ከኮምፒውተር ወደ ወረቀት ሲወርድ

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ቤት ፕላን ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሲቪል ምህንድስና የሚማር አንድ ጓደኛዬ የሠራውን ፕላን በፍላሽ ይዞ ማተሚያ ቤት ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። ቦታው 20 በ10 ሜትር ነው፤ ጥጉ ላይ «ስኬል 1 ለ100» ይላል። በማግሥቱ መምህሩ ማስመሪያ ቢያስቀምጡበት 20 ሴንቲ ሜትር መሆን የነበረበት መስመር 14 እንኳ በቅጡ አልሞላም። ታዲያ 6 ሜትር መሬት የት ገባ?

ጓደኛዬ ፕላኑን ያሰናዳው ለኤ3 ወረቀት ነበር። በማተሚያ ቤቱ የነበረው ግን ኤ4 ብቻ ነው፤ ልጁም «ፊት ቱ ፔፐር» የሚለውን ተጭኖ ገላገለው። ኤ3 ወደ ኤ4 ሲወርድ ርዝመት ሁሉ ወደ 71 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ኅዳጉ ሲጨመርበት ደግሞ ትንሽ ይብሳል። ጥጉ ላይ የተጻፈው «1 ለ100» ግን አብሮ አልተለወጠም። እኛ ገጽ ስናቀናብር ፎቶውን ለአምዱ እንዲበቃ እናሳንሰዋለን፣ ሰውዬው አጠረ ብሎ የሚከሰን የለም። በፕላን ግን ግንበኛው ይለካበታል፣ ብረት ይቆረጥበታል።

በ1955 ዓ.ም. የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲከፈት ንድፍ የሚሠራው በእጅ ነበር። በእጅ የሚነድፍ ሰው ገና የመጀመሪያውን መስመር ሳያሰምር ወረቀቱንና ስኬሉን መምረጥ ግድ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው አውቶካድና መሰሎቹ ይህን ውሳኔ ወደ መጨረሻ ገፉት። ቤቱ «ሞዴል» በሚባለው ሰሌዳ ላይ በእውነተኛ ልኩ ይሳላል። «ሌይአውት» የሚባለው ደግሞ ወረቀቱ ነው፤ በእሱ ላይ «ቪውፖርት» የሚባል መስኮት ይከፈትና ሞዴሉ በዚያ በኩል ይታያል። እንግዲህ ስኬል የሚሰጠው ለመስኮቱ ነው፤ ወረቀቱ ራሱ ምንጊዜም 1 ለ1 ይታተማል።

ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የወረቀቱ መለኪያ ሚሊ ሜትር ሲሆን ብዙ ተማሪ ግን የሚስለው በሜትር ነው። ለኮምፒውተሩ 20 ማለት 20 ብቻ ነው፤ ከዝርዝሩ «1 ለ100» ሲመረጥለት ቦታው 0.2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ጉንዳን እንኳ አያክል! በሜትር ለተሳለ ትክክለኛው መስኮቱ ውስጥ ገብቶ «ዙም» ብሎ «10ኤክስፒ» መስጠት ነው፤ 1 ሜትር ወረቀቱ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናልና።

የትኛው ስኬል ለየትኛው ወረቀት እንደሚሆን በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ወስደን እናስላ። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። በ1 ለ100 ቢታተም 3 ሜትር ከ80 ሴንቲ ይሆናል፣ ለመኝታ ክፍላችን ግድግዳ እንኳ አይበቃም። በ1 ለ500 ግን 760 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን 841 ሚሊ ሜትር በሚረዝመው ኤ1 ላይ ይገባል። በ1 ለ1000 ደግሞ 380 ሚሊ ሜትር ሆኖ ኤ3 ላይ ይሰፍራል።

ስኬሉ ከተሰጠ በኋላ መስኮቱን መቆለፍ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በማውሱ ጎማ ሳይታወቅ የሚደረግ አንድ ንክኪ ሁሉንም ያበላሸዋል። ጓደኛዬ በሁለተኛው ቀን ቆልፎ፣ ፒዲኤፍ አድርጎ፣ ኤ3 ያለው ሌላ ቤት ፈልጎ አሳተመው። ገና በሩ ላይ ቆሞ ማስመሪያውን አወጣ፤ 20 ሴንቲ ሜትር።