የአራዳ ወንዞች ባሕር አይደርሱም፦ የውኃ ሕይወት ትምህርትና የወንዝ ዳርቻ ጥበቃ

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ የሌላት አገር ናት። በዚህ ምክንያት በሌሎች አገሮች የባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ስለ ውኃ ውስጥ ፍጥረታትና ስለ ዳርቻ አጠባበቅ የሚያገኙት ትምህርት የአዲስ አበባን ነዋሪ የማይመለከት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የውኃ ሕይወት በባሕር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአራዳ ክፍለ ከተማና በወሰኑ ላይ ቀበናን፣ ግንፍሌንና ባንተይከቱን የመሳሰሉ ወንዞች ይፈስሳሉ፤ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ መንገደኛም በራስ መኮንን ድልድይ ላይ ሲያልፍ ከእግሩ ሥር ወንዝ አለ። ለአካባቢው ነዋሪ የውኃ ዳርቻው ይህ ነው።

ይህ ጽሑፍ የእነዚህ ወንዞች ውኃ ወዴት እንደሚሄድ፣ በውስጡና በዳርቻው ምን እንደሚኖር፣ ብክለት ሕይወቱን እንዴት እንደሚያጠፋና ዜጎች በሕግ ያላቸውን መብት እንዴት ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ ያብራራል።

የውኃው መነሻና መድረሻ

በአራዳ የሚያልፉት ወንዞች የሚነሡት ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ከሚያልፈው የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ነው። የተራራው ቁልቁለት ከፍተኛ በመሆኑ ውኃው በክረምት በኃይል ይወርዳል፤ ወንዞቹ የሚያልፉባቸው ሸለቆዎችም ጠባብና ጥልቅ ናቸው። ወንዞቹ ወደ ደቡብ እየወረዱ እርስ በርስ ይገናኙና ታላቁ አቃቂን ይመሠርታሉ። ታላቁ አቃቂ ከከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል ከሚመጣው ትንሹ አቃቂ ጋር በአባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይገናኛል። አባ ሳሙኤል ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት ስፍራ ነው። ከዚያ የሚወጣው ውኃ ወደ አዋሽ ወንዝ ይገባል፤ አዋሽም በቆቃ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በኩል አልፎ በስምጥ ሸለቆ ይጓዛል።

አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ትልቅ ወንዝ ቢሆንም ባሕር አይደርስም። ጉዞው የሚያበቃው በአፋር ክልል፣ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው አቤ ሐይቅ ነው። ወደ ውቅያኖስ የሚፈስሱ ወንዞች የተሸከሙትን ቆሻሻ ከአገር ድንበር አልፈው ሰፊ ውኃ ውስጥ ይጥላሉ። የአዋሽ ተፋሰስ ግን ዝግ ነው። ከአራዳ ሸለቆ የወረደ ፕላስቲክ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም የፋብሪካ ኬሚካል በመንገዱ ካልተያዘ በአባ ሳሙኤል ደለል፣ በቆቃ ውኃ ወይም በመስኖ እርሻዎች አፈር ውስጥ ይቀራል። ስለሆነም የአዲስ አበባን ወንዞች መጠበቅ ከከተማዋ በታች በተፋሰሱ ለሚኖረው አርሶ አደር፣ አርብቶ አደርና ዓሣ አስጋሪ ጭምር የሚደረግ ጥበቃ ነው።

በወንዙና በዳርቻው የሚኖሩ ፍጥረታት

ንጹሕ በሆነ ወንዝ ውስጥ ሕይወት የሚጀምረው ከድንጋይ ሥር ነው። በጅራታቸው ላይ በአብዛኛው ሦስት ክር መሰል ነገር ያላቸው የአንዳንድ በራሪ ነፍሳት እጮች በብዙ ኦክስጅን ብቻ ስለሚኖሩ በውኃው ውስጥ መገኘታቸው የንጽሕናው ምልክት ነው። በአንጻሩ ደማቸው ኦክስጅንን አጥብቆ የሚይዝ ቀያይ ትል መሰል እጮች በተበከለ ውኃም መኖር ይችላሉ። በአንድ ስፍራ የመጀመሪያዎቹ ጠፍተው ቀያዮቹ ብቻ በብዛት ከታዩ፣ የላቦራቶሪ መሣሪያ የሌለው ተማሪም የውኃው ጤና መጓደሉን ሊረዳ ይችላል።

የወንዝ ሸለቆዎቹ በከተማ መካከል የቀሩ የዱር እንስሳት መተላለፊያዎችም ናቸው። ነዋሪዎች ሌሊት ድምፁን የሚሰሙት ጅብ መሸሸጊያው ብዙ ጊዜ እነዚሁ ገደላ ገደሎች ናቸው። በአቃቂና በአባ ሳሙኤል ዙሪያ ያለው ረግረጋማ ስፍራ ደግሞ ለአእዋፍ ልዩ ጥቅም ያለው ነው። በአውሮፓና በእስያ ብርዱ ሲበረታ ዳክዬዎችና ረጃጅም እግር ያላቸው የውኃ ወፎች ወደዚህ ይመጣሉ፤ በኢትዮጵያ የበጋው ወራት ምግባቸውን የሚያገኙት ከረግረጉ ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና በክንፉ ሰማያዊ ቀለም የሚታወቀው የደጋ ዝይም ሕይወቱ የተመሠረተው እንዲህ ባሉ የደጋ ረግረጎችና የወንዝ ዳርቻ ሣሮች ላይ ነው። ረግረጉ ሲበከል ወይም ሲደርቅ ወፎቹ የሚሄዱበት ሌላ ስፍራ እየጠበበ ይሄዳል።

ብክለት ሕይወትን የሚያጠፋው እንዴት ነው?

ወደ ወንዝ የሚገባው ቆሻሻ በአመዛኙ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ከመጸዳጃ ቤት፣ ከወጥ ቤትና ከእርድ የሚወጣ የሚበሰብስ ቆሻሻ ነው። ባክቴሪያዎች ይህን ቆሻሻ ሲያበሰብሱ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሦችና ንጹሕ ውኃ የሚፈልጉ እጮችም ታፍነው ይሞታሉ። የወንዙ መጥቆርና መሽተት ኦክስጅኑ የማለቁ ምልክት ነው። ከዚህ ቆሻሻ የሚቀሩት ንጥረ ነገሮች ደግሞ በታችኛው ሐይቅ እንደ ማዳበሪያ ሆነው የእምቦጭ አረምን ያበዛሉ። ብዙዎች እምቦጭን የሚያውቁት ከጣና ሐይቅ ጋር በተያያዘ ቢሆንም አረሙ በአባ ሳሙኤልና በቆቃም ይገኛል።

ሁለተኛው ዓይነት ከፋብሪካዎች፣ ከጋራዦችና ከመኪና እጥበት የሚወጣ ኬሚካልና ዘይት ነው። በቆዳ ማልፊያ ሥራ ላይ የሚውለውን ክሮሚየም የመሰሉ ከባድ ብረቶች በጊዜ ብዛት አይበሰብሱም፤ በደለልና በአፈር ውስጥ ይከማቻሉ። ሦስተኛው ፌስታል፣ የውኃ መያዣ ፕላስቲክና ሌላ ደረቅ ቆሻሻ ነው። ደረቅ ቆሻሻ የጎርፍ መውረጃ ቱቦዎችን ስለሚዘጋ በክረምት በወንዝ ዳር ለሚኖሩ ቤተሰቦች የሕይወትና የንብረት አደጋ ያስከትላል።

ወንዙ ወደ ማዕድ ሲመለስ

በአቃቂ ወንዝ ዳርቻዎች ለበርካታ ዓመታት በወንዙ ውኃ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቆስጣና ሌሎች አትክልቶች ሲመረቱ ቆይተዋል። ምርቱም በአብዛኛው የሚሸጠው በዚያችው በአዲስ አበባ ነው። ከላይ ከተማው ወደ ወንዝ የሚለቀው ቆሻሻ ከታች በእርሻ አልፎ በምግብ መልክ ወደ ከተማው ሊመለስ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

አትክልትን በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብና አብስሎ መመገብ ተሕዋስያንን ለማስወገድ ይረዳል። በተክሉ ሥር ገብቶ በቅጠሉ ውስጥ የሰፈረን ከባድ ብረት ግን ማጠብም ሆነ ማብሰል አያስወግደውም። ለዚህኛው ችግር ያለው መፍትሔ ብክለቱን ከምንጩ ማቆም ብቻ ነው። ከከተማዋ የመጠጥ ውኃ ከፊሉ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ውኃ ጉድጓዶች የሚገኝ መሆኑም የላይኛውን ተፋሰስ ንጽሕና መጠበቅ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ያሳያል።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሆን የወንዝ ዳርቻን ለማልማት የታቀደ ነው። በቅርብ ዓመታት በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በቀበና አካባቢ የተከናወኑት የኮሪደርና የወንዝ ዳርቻ ልማት ሥራዎችም የብዙ ስፍራዎችን መልክ ቀይረዋል። ሆኖም የዳርቻው መልማት ብቻውን ውኃውን አያጠራውም። የወንዙ ሕይወት የሚመለሰው በየቤቱና በየድርጅቱ ወደ ወንዝ የተቀጠለው የፍሳሽ መስመር ሲቋረጥ ነው።

ለተማሪዎችና ለወላጆች

አራዳ ለውኃ ሕይወት ትምህርት የሚረዱ ስፍራዎች በአቅራቢያው አሉት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ ግቢ የሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የአገሪቱን አእዋፍና ሌሎች እንስሳት ናሙናዎች የያዘ ስለሆነ ተማሪዎች በወንዝ ዳር የሚያዩትን ወፍ ከናሙናው ጋር ለማነጻጸር ይጠቅማቸዋል። ስለ ዓሣና ስለ ሌሎች የውኃ ውስጥ ፍጥረታት የሚደረገው አገር አቀፍ ምርምር ማዕከሉ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ በሰበታ ነው።

የትምህርት ቤት የተፈጥሮ ጥበቃ ክበባት በአነስተኛ ወጪ መጀመር የሚችሉት ሥራ ምልከታ ነው። ክበቡ አንድ ድልድይ ወይም አስተማማኝ የመመልከቻ ስፍራ ይመርጣል፤ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት የውኃውን ቀለም፣ ሽታና አረፋ፣ የታዩትን ወፎች ዓይነትና ቁጥር፣ እንዲሁም ዝናብ መዝነብ አለመዝነቡን በመዝገብ ያሰፍራል። ለአንድ ዓመት ሳይቋረጥ የተያዘ እንዲህ ያለ መዝገብ ብክለቱ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚጨምር ስለሚያሳይ ለተቆጣጣሪ አካላትም ጠቃሚ መረጃ ይሆናል።

በዚህ ሥራ የልጆች ደኅንነት ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። በከተማው መካከል የሚያልፈው የወንዝ ውኃ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ስላሉበት ተማሪዎች ሊነኩት አይገባም። ድንጋይ እያነሡ እጮችን የመመልከት ትምህርት በእንጦጦ ንጹሕ ምንጮች አካባቢ፣ በመምህር መሪነትና በእጅ ጓንት ብቻ ሊካሄድ ይገባል። በክረምት ወራት ጎርፍ በድንገት ስለሚወርድ ወደ ሸለቆ መግባት አይፈቀድም።

የዜጎች መብትና የአቤቱታ አቀራረብ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ መንግሥትና ዜጎች አካባቢያቸውን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለባቸው ያስቀምጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል፤ የበከለ ሰውም ብክለቱን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል።

አዋጁ ለዜጎች የሰጠው ከፍ ያለ መብት በአንቀጽ 11 ይገኛል። በዚህ አንቀጽ መሠረት ማንኛውም ሰው በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ አቤቱታ አቅራቢው ጉዳቱ በግል የደረሰበት መሆኑን እንዲያስረዳ አይጠየቅም። ስለዚህ በፒያሳ የሚኖር ሰው ቤቱ ከወንዙ የራቀ ቢሆንም፣ ድርጅት ፍሳሹን ወደ ወንዝ ሲለቅ ካየ አመልካች መሆን ይችላል። አቀራረቡ እንደሚከተለው ነው፦

1. አቤቱታው ብክለቱ የታየበትን ስፍራ፣ ቀንና ሰዓት፣ የፍሳሹን ቀለምና ሽታ፣ የሚወጣበትን ቱቦ ወይም ቦይ በግልጽ የሚገልጽ መሆን አለበት። ፎቶግራፍ ካለ ቢያያዝ ይመረጣል።

2. አቤቱታው ለከተማ አስተዳደሩ ወይም ለፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በጽሑፍ ይቀርባል። አመልካቹ ገቢ የሆነበት ቀንና የመዝገብ ቁጥር የሰፈረበትን ቅጂ ተቀብሎ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

3. አቤቱታው የቀረበለት መሥሪያ ቤት በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም አመልካቹ በተሰጠው ውሳኔ ካልረካ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል።

የጊዜ ገደቦቹ የሚቆጠሩት ከሰነድ በመሆኑ አቤቱታን በቃል ብቻ አቅርቦ መመለስ መብቱን ያዳክማል።

በየቤቱና በየድርጅቱ የሚጠበቅ ተግባር

የመጸዳጃ ቤትና የእጥበት ፍሳሽ ወደ ጎርፍ መውረጃ ቱቦ መቀጠል የለበትም፤ የጎርፍ ቱቦ የሚያበቃው ያለ ማጣሪያ በወንዝ ነው። የፍሳሽ መስመር በአካባቢው ከተዘረጋ ነዋሪዎች ከአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የመስመር ቅጥያ አገልግሎት መጠየቅ ይችላሉ፤ መስመር ከሌለ የማጠራቀሚያ ጉድጓድ ከመሙላቱ በፊት በፍሳሽ ማንሻ መኪና እንዲመጠጥ ማድረግ ይገባል። ጋራዦች የተቃጠለ ዘይትን በበርሜል አጠራቅመው ለሚረከቡ አካላት ማስረከብ ይጠበቅባቸዋል። ደረቅ ቆሻሻ ከቤት ወደ ቤት ለሚሰበስቡ ማኅበራት መስጠት፣ ለገበያም በፌስታል ምትክ ዘንቢል ወይም የጨርቅ ቦርሳ መያዝ ወደ ወንዙ የሚገባውን ፕላስቲክ ይቀንሳል።

እነዚህ ተግባራት ከሁሉ በላይ ውጤት የሚያስገኙት ከክረምቱ በፊት ባሉት ወራት ሲከናወኑ ነው። በበጋ በየሸለቆውና በየቦዩ የተከማቸውን ቆሻሻ የሰኔና የሐምሌ ጎርፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠርጎ ወደ አቃቂ ስለሚያወርደው፣ የቀጠና የጽዳት ዘመቻዎችና የቱቦ ጠረጋ ሥራዎች እስከ ግንቦት ወር መጨረሻ እንዲጠናቀቁ ይመከራል። በዘመቻዎቹ ለመሳተፍ የሚፈልጉ ነዋሪዎች፣ ትምህርት ቤቶችና ዕድሮች በየወረዳቸው አስተዳደር ቀርበው መመዝገብና መርሐ ግብሩን መጠየቅ ይችላሉ።