የዓመታት መታሰሪያ ሌሊት

ዛሬ የሜክሲኮ ርእሰ ከተማ በቆመችበት ሥፍራ፣ በሐይቅ መካከል ቴኖችቲትላንን ቈርቍረው የኖሩት አዝቴኮች ዕለታትን በሁለት ሐሳብ ይቈጥሩ ነበር። የመጀመሪያው የፀሐይን ዓመት የሚከተል ሲሆን፣ 20 ቀን ባላቸው 18 ወሮች 360 ቀን ከሞላ በኋላ፣ እንደ ጳጉሜን ትርፍ ሆነው የሚቀሩትን 5 ቀኖች ሕዝቡ ክፉ ዕለታት ናቸው ብሎ ስለሚፈራቸው ሥራውን ትቶ በየቤቱ ተከቶ ያሳልፋቸው ነበር። ሁለተኛው የካህናት ሐሳብ ነው፤ እንደ አዞ፣ እንደ ነፋስ፣ እንደ አጋዘን ባሉ 20 ምልክቶች የተሰየሙት ዕለታት ከ1 እስከ 13 ከሚመላለስ ቍጥር ጋር እየተጣመሩ 260 ቀን ይሞላሉ፤ ሕፃንም በተወለደ ጊዜ ዕለታትን የሚያነብ ሊቅ ተጠርቶ፣ በሥዕል የተጻፈውን መጽሐፍ ገልጦ ዕድሉን ይተረጕምለት ነበር።

ሁለቱ ሐሳቦች ከአንድ ዕለት ተነሥተው ተመልሰው በዚያው ዕለት የሚገናኙት 18,980 ቀን፣ ማለትም 52 ዓመት ሲፈጸም ነው፤ ይህንንም «የዓመታት መታሰር» ይሉታል። በዚያ ሌሊት ዓለም ልታልፍ ትችላለች ተብሎ ይታመን ነበርና በየቤቱ እሳት ይጠፋል፣ የምድጃው ጕልቻ ይጣላል፣ ነፍሰ ጡር ሴቶች ወደ አውሬነት እንዳይለወጡ ተፈርቶ በእህል ጎተራ ይዘጋባቸዋል፣ ሕፃናትም ቢያንቀላፉ አይጥ ይሆናሉ ተብሎ እየተጐነተሉ እንዲነቁ ይደረጋሉ፤ ካህናቱ ግን በጨለማ ተጕዘው፣ ዛሬ የኮከብ ኮረብታ በሚባለው በዊሻችትላን ራስ ላይ ወጥተው፣ እነርሱ «ገበያ» ብለው የሚጠሯቸውን ሰባቱን ከዋክብት ዐይናቸውን ተክለው ይጠባበቃሉ። ከዋክብቱ በመንፈቀ ሌሊት የሰማዩን መካከል ያለፉ እንደ ሆነ ዓለም ለሌላ 52 ዓመት ተሰጥታለችና፣ ለመሥዋዕት በቀረበ ምርኮኛ ደረት ላይ እንጨት በእንጨት ፈትገው አዲስ እሳት ያወጣሉ፤ ሯጮችም በችቦ ተቀብለው ለከተማይቱ ያዳርሱታል።

የምርኮኛው ሞት ልብን ያሳዝናል፤ የካህናቱ ዕውቀት ግን ሊደነቅ ይገባዋል። ሰባቱ ከዋክብት በመንፈቀ ሌሊት ከራስ በላይ የሚቆሙት በኅዳር ወር፣ ፀሐይ በእነርሱ አንጻር ከምድር ማዶ በምትሆንበት ጊዜ ነውና፣ ያንን ሌሊት ለይቶ መምረጥ ሰማይን ከትውልድ እስከ ትውልድ ሳይታክት ላልተመለከተ ሕዝብ የሚቻል አይደለም።

የዚያን ሌሊት ነገር ከአዛውንት አፍ ሰምቶ በናዋትል ቋንቋ እንዲጻፍ ያደረገው ፍራንሲስካዊው መነኵሴ በርናርዲኖ ደ ሳሃጉን ነው። የመጨረሻው መታሰር የተፈጸመው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1507፣ በዳግማዊ ሞክቴዙማ ዘመን ነበር። ተከታዩ በ1559 ሊሆን ይገባው ነበር፤ ነገር ግን ቴኖችቲትላን ከዚያ 38 ዓመት ቀድማ፣ በ1521፣ በስፔናውያን እጅ ወደቀች።